የእትዬ የሻረግ ጥቁር አፈሙዝ

ባለፈው እሑድ ሳሊተ ምሕረት አስቀድሼ ስወጣ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት ጧፏን እፍ ብላ አጠፋችው። ቀጭኑ ጭስ በነጠላዬ ሥር ገብቶ አፍንጫዬን ነካው። ለሌላው ሰው የትኩስ ሰም ሽታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለእኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጥይት ነው። የቀለጠ እርሳስ፣ የከሰል ምድጃ፣ ከጠጅ ቤት የመጣ ሰፈፍ፣ የበግ ሞራ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እትዬ የሻረግ። እዚያው አጥሩ ጥግ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ኃጢአቴ የበዛ መስሏት «አይዞሽ፣ እሱ መሐሪ ነው» አለችኝ።

እትዬ የሻረግ ገርጂ ሳለን የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ ኮንዶሚኒየሙ አልተሠራም፤ ከመገናኛ የሚመጣው ሚኒባስ እኛን አራግፎ ሲመለስ ሰፈሩን አቧራ አልብሶ ነበር የሚሄደው። ባለቤታቸው ጋሽ ታደገ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች የተሰነጠቀ ሰደፍ፣ የዛገ ቃታ ይዘው ወደ ቆርቆሮ ክፍላቸው ይመጣሉ። ደንበኞቹ የሚያውቁት ጋሽ ታደገን ብቻ ነው። በግድግዳው በኩል የምንሰማው እኛ ግን ሞረድ የሚገፋው ሰው ሁለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። አንዱ ዝም ብሎ ይገፋል፤ ሌላው እያንጎራጎረ። የሚያንጎራጉሩት እትዬ የሻረግ ነበሩ።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ጋሽ ታደገ ሞቱና አገራቸው መንዝ ተቀበሩ። እኛም ጎረቤቶች ተከትለን ሄድን። በዚያ አገር ባለ ጠመንጃ ሲሞት መሣሪያው በሬሳው ፊት ተዘቅዝቆ ነው የሚሄደው። ታናሽ ወንድማቸው ደምሴ የጋሽ ታደገን ጠመንጃ ዘቅዝቆ ያዘ፤ ከቀብር መልስ ግን እጁ አልፈታ አለ። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ ያን ቀን ግን አንደበቴ አልታዘዝም አለኝ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። «የአባታችን ጠመንጃ ነው። ወንድሜ ልጅ አልተወም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ነው ነገሩ» አለ ደምሴ።

እትዬ የሻረግ ከሐዘን ምንጣፋቸው ላይ ቀና አሉ። «አፈሙዙ ተበልቷል፤ ዛሬ ብትተኩስበት ዋርካ አትመታም። እኔ አድነዋለሁ። በሙት ዓመቱ እዚችው ሜዳ ላይ አምጥቼ ቅል እመታበታለሁ። በሁለት ጥይት ከሳትኩ ውሰደው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገሩ ሳቅም ፍርድም ሆነላቸውና ተስማሙ። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እናቴ «ምን አደረገልሽ ይኼ ብረት? ተዪለት» ብትላቸው፣ እትዬ የሻረግ መስኮቱን እያዩ «እሱን ከወሰደው እኮ፣ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ነበርኩ ማለት ነው» አሉ። ልጅ ብሆንም ይህቺ ቃል ገባችኝ።

ጠመንጃው ከቃታው ሥር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ስበው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርስ ያረጀ ዓይነት ነው። የፋብሪካ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ያገለገለውን ቀለህ እያነሱ፣ አረሩን ከእርሳስ ራሳቸው ያፈሱለት ነበር። እርሳሱ ከአባቴ ጎማ ቤት ነው የሚመጣው፤ ቸርኬ እንዳይዋልል የሚለጠፉት ቁርጥራጮች። እትዬ የሻረግ በብረት ድስት ያቀልጡታል፣ ላዩ ላይ የሚሰፍፈውን ቆሻሻ በማንኪያ ይገፉታል፣ ከዚያ ባለ እጀታ የአረር ማውጫ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል። ሲከፍቱት ብርማ አረር ጠብ ይላል። ሲበርድ ሰምና ሞራ ይቀቡታል። እኔ ከደጃፉ ወዲያ እንዳላልፍ ተከልክዬ ነበር፤ ሽታው ግን ደጃፍ አያውቅም።

ጋሽ ታደገ ሳይገጥሟቸው የቀሩ ሁለት አፈሙዞች፣ ረጃጅም የጠመንጃ ቱቦዎች፣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አንዱ ሲያዩት ፊት ያሳያል፤ ውስጡ ብዙ ስስ ቦዮች እንደ ቀጫጭን ሹሩባ ተጠማዘው ይወርዳሉ። ሌላው ከላዩ ጥቁርና ጉርብጥብጥ ያለ፣ ውስጡ ጥቂት ግን ጥልቅ ቦዮች ያሉት ነው። እነዚህ ቦዮች አረሩን ይዘው የሚያሽከረክሩት ናቸው፤ ሳይሽከረከር የወጣ አረር በአየር ላይ ይገለባበጣል። እትዬ የሻረግ ሳያመነቱ የሚያብረቀርቀውን አነሱ። «ታደገ ይቺን ነበር የሚወዳት» አሉ። ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስረው፣ ሲሞርዱና ሲለኩ ሰንብተው ገጠሙት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ በፒካፑ ይዞን ላምበረትን አልፈን፣ ከከተማ ውጭ ወዳለው የአዳኞች የኢላማ ሜዳ ሄድን። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው በሆዳቸው ተኙና ተኮሱ። ክብ የተሣለበትን የኢላማ ካርቶን ለማየት ስንሄድ ክቡ ውስጥ ምንም ቀዳዳ የለም። ዳር ላይ ያገኘነው ቀዳዳ ደግሞ ክብ ሳይሆን ረጅም ነበር፤ አረሩ በጎኑ ተኝቶ ነው ያለፈው። ሌሎቹም እንደዚያው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠመንጃውን በአውቶቡስ ልኮ ይገላገል ነበር። እሳቸው እርሳሱን አጠነከሩት፣ ባሩዱን ቀነሱት፣ ሰሙን ለወጡት። እየተመላለስን ሞከርን። ትንሽ ተሻለ እንጂ ቅል የሚመታ አልሆነም። ሙት ዓመቱ ደግሞ እየቀረበ ነው። አባቴም ሰለቸውና «እትዬ የሻረግ፣ አንድ ቃል ልበልዎት? ሰው ሞክሮ ቢያቅተው ነውር አይደለም» አላቸው።

«ነውርስ አይደለም። ግን ገና አላቃተኝም» አሉት።

በማግስቱ ሁለት ለስላሳ የእርሳስ ድብልብሎች ሠሩ። አንዱን በሚያብረቀርቀው፣ ሌላውን በጥቁሩ አፈሙዝ ውስጥ በእንጨት ዘንግ ገፍተው አወጧቸው። ወደ ደጃፉ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። በመጀመሪያው ላይ ጥፍር የነካው የሚመስል ጭረት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ቦዮቹ ጠልቀው ታትመዋል።

«አየሽ? ያኛው ዳብሶ ለቀቀው። ይኼኛው ነክሶ ይዞታል» አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ የጋሽ ታደገ ፎቶ ወዳለበት ዞረው በቁጣ ተናገሩ። «አንተ ሰውዬ፣ እርሳስ ለስላሳ ነው፤ የፋብሪካው መዳብ ለበስ ጥይት ካለቀ በኋላ ይቺን ቆንጆ ምን ልትሠራልህ ሰቀልካት? መልክ ታጥቦ አይጠጣም!» ተቆጥተው ሲያበቁ ተቀምጠው አለቀሱ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የባላቸውን ምርጫ ከግድግዳ ማውረድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል።

ጥቁሩን እስኪገጥሙት ድረስ ከግድግዳው ማዶ ሞረዱ አላረፈም፤ እንጉርጉሮውም ተመለሰ። ሜዳው ላይ ሲሞክሩት ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ፣ እርስ በርስም ተጠጋጉ። የሚያብረቀርቀውን አልጣሉትም፤ ሳሎናቸው ውስጥ የመጋረጃ ዘንግ አደረጉት።

በሙት ዓመቱ መንዝ ላይ ንፋስ ነበር። ቅሉ ከግራር ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ደምሴ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እትዬ የሻረግ ቀለበቱን ስበው መለሱት፣ ተኮሱ፤ ሳቱ። አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። ንፋሱ እስኪረግብ ጠበቁ። በሁለተኛው ቅሉ ፍርክስክስ አለ።

ደምሴ እዚያ ድረስ ሄዶ ስባሪውን አነሳ፣ አገላበጠው። ተመልሶ መጥቶ ከወገቡ ላይ የወንድሙን ዝናር ፈታና ለእትዬ የሻረግ ሰጣቸው። ለካ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እሱንም ይዞት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የቆርቆሮ ክፍሉ በእሳቸው ስም ለብዙ ዘመን ሠራ። ካቻምና ሲሞቱ ከባላቸው ጎን ልንቀብራቸው ከላምበረት ተሳፍረን እንደገና ያን መንገድ ወጣን። ደምሴ ሸብቷል። ሬሳው ከመኪና ሲወርድ ጠመንጃውን ተቀበለና ከፊት ለፊት ቆመ፤ ዘቀዘቀው። ከሕዝቡ መካከል አንድ ጎልማሳ «ለሴት ነው እንዴ?» ብሎ አንሾካሾከ።

«ለባለ ጠመንጃዋ ነው» አለ ደምሴ ጮክ ብሎ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ። እኔም ያን ዕለት ሄጄ «ጋሼ፣ እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

ጠመንጃው በኑዛዜያቸው ለጋሽ ደምሴ ሴት ልጅ ሆነ። ለእኔ የደረሰኝ የሚያብረቀርቀው አፈሙዝ ነው። እሑድ ከሳሊተ ምሕረት ተመልሼ መጋረጃዬን ከፈትኩና በጨርቅ ወለወልኩት። እርሳስ መያዝ ያቃተው ቆንጆ፣ የእኔን መጋረጃ ግን አሳምሮ ይዟል።