ህንዷ ያሰረችልኝ ክር

ጓሮ ያለችውን ክፍል ለአንዲት ህንድ አስተማሪ አከራይቼ ነበር። እዚሁ ነቀምቴ ነው የምታስተምረው። ሰው አትነካም፤ በሯን ዘግታ የራሷን ምግብ ትሠራለች። ነሐሴ ሲገባ ግን ልቀቂ አልኳት። ታላቅ እህቴ ከአንገር ጉቲን ልትመጣ ነው። ብቻዋን ናት፤ አገሩም ሰላም አጥቷል፤ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ህንዷ ወዲያው እሺ አለች። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቷን አልወደድኩላትም።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ትሪ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ትሪው ላይ የበራ ሻማ፣ ቀይ ክርና ቢጫ ጣፋጭ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ የእህትና የወንድም በዓል ነው። እኛ ሂንዱዎች፣ እህት ለወንድም ክር ታስራለች። የእኔ ወንድም ሩቅ ነው» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«እጅዎን።»

እጄን ከጋቢዬ አላወጣሁም። እኛ የወሎ ሰዎች ክር የምናውቀው አንገት ላይ ነው፣ ማተብ። እጅ ላይ የሚታሰረው ጠንቋይ የሚያዘው ነው። ልመልሳት ስል ጣፋጩን ቆርሳ ወደ አፌ አስጠጋችው። ክር እምቢ ይባላል፤ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አፌን ከፈትኩ። እየዋጥኩ ሳለ እጄን ስባ አሰረችው።

«ክፍሉን ግን ትለቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ሚስቴ ጴንጤ ናት፣ የዚሁ አገር ልጅ። «ማሎ፣ እባክህ ቁረጠው። ምን እንዳበላችህ ታውቃለህ?» ብላ መቀስ አመጣች። ባታዘኝ ኖሮ እቆርጠው ነበር።

ከሰዓት ሱቅ ወረድኩ። ክሩን የሸጠላት ጉራጌው ባለሱቅ እጄን አይቶ ሳቀ።

«አለቀልዎት ጋሼ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ያሰረችለት ሰው ሊጠብቃት ቃል ገባ ማለት ነው። ስጦታም ይሰጣታል።»

«እኔ ቃል አልገባሁም።»

«ጎርሰዋል?»

«ጎርሻለሁ።»

«እንግዲህ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የምትፈልገው ስጦታ ክፍሉን ነው። ከዚያ ወዲያ በመስኮት እጠባበቃት ጀመር። ሰላም ስትለኝ፣ አሁን ልትጠይቀኝ ነው እላለሁ። ልብስ ስታሰጣ እንኳ፣ ላለመሄድ ነው እላለሁ። አልጠየቀችም። አንድ ቀን ባጃጅ አቁማ ዕቃዋን ጫነች፤ ክፍሉን ጠርጋ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ይህንንም አላመንኩትም።

በማግስቱ እህቴ ገባች። የእግሯን ጭቃ ሳታራግፍ ዓይኗ ክሩ ላይ አረፈ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

«ኋላ ምን ጠየቀችህ?»

«ምንም።»

«አንተስ ምን ሰጠሃት?»

«አስወጣኋት።»

«ወንድሜ ካለችህ በኋላ?»

«እሷ አለች እንጂ እኔ መቼ አልኩ።»

«ከእጇ ጎርሰሃል። አንዷን እህት ለማስገባት ሌላዋን ታስወጣለህ? እኔ ሳሎን መደቡ ላይ ይበቃኛል። ሂድ መልሳት፣ ወንድማለም።»

ሁለቱ ሳይተዋወቁ የተማከሩብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ታላቄ ናት፤ የባጃጁን ልጅ ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ።

በሩን በጥቂቱ ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

«ምን ጎደለ ጋሼ? ቁልፉን ሰጥቻለሁ።»

«ምንም አልጎደለም። ዕቃሽን ልሸከም ነው የመጣሁት። ክፍሉ ያንቺው ነው።»

«ለምን?»

ጋቢዬን ገልጬ እጄን አሳየኋት። ክሩን አየች፤ ፊቴን አየች፤ እንደገና ክሩን አየች። እኔ በመስኮት ሳያት እንደከረምኩት ነው የምታየኝ። ዝናቡ ጀመረ። እስክትከፍት ድረስ ቆምኩ።