ፀሐይ የመታው ባሩድ

ባለቤቴ ጥይቱን ራሱ ነው የሚሞላው። ይህን ስናገር የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ኮሎራዶ ግን ብዙ አዳኞች የሚያደርጉት ነገር ነው። የተተኮሰውን ባዶ ቀልሃ ሰብስቦ ያጸዳል፤ ከሥሩ ፕራይመር የምትባለውን፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለዋን ትንሽ ክብ ነገር ይተካል፤ ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል፤ አፉ ላይ ተተኩሶ የሚወጣውን እርሳስ ይገጥማል። ሥራውን ያስተማሩት ኦሮራ ስንገባ መጀመሪያ ሰላም ያሉን ጎረቤታችን ናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው አሜሪካዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በብረት ሥራ ነው ያሳለፉት።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሁለቱ ተራራ ይወጣሉ። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የመቱ እንደሆነ ባለቤቴ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ያርደዋል። አለዚያ እኔም አልቀምሰው፣ እሱም አይቀምሰው። ጎረቤታችን በዚያን ጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቆማሉ አሉ። ሥጋው የገና ጾም ሳይገባ ግማሹ ለዘመድ ይታደላል፤ ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ በዓሉን ይጠብቃል።

ባለፈው ሰኔ በአንዱ ዓርብ ከተኩስ መለማመጃው ሲመለስ ሦስት ባዶ ቀልሃ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«ምነው?» አልኩት።

«መቀርቀሪያው አልከፈት አለኝ።»

ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት ሽቅብ የሚነሣ ነበር። በዚያ ቀን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ነው ያስነሣው። ቀልሃዎቹን አገላብጦ አሳየኝ። ጠርዟ ክብ መሆን የነበረባት ፕራይመር እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተጠፍጥፋለች። አጠገቧ ደግሞ ናሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት አለ፤ ቀልሃው በኃይል ወደ ኋላ ተገፍቶ ብረቱ ላይ ስለታተመ ነው።

«ውስጡ ያለው ግፊት በዝቷል ማለት ነው» አለ። «አራት ዓመት የተኮስኩት መጠን ነው። ዛሬ ምን ነካው?»

«ቢፈነዳስ ኖሮ?»

«ፊቴ አጠገብ ነዋ የሚፈነዳው» አለና ጎረቤታችንን ሊጠራ ወጣ።

ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ አጎንብሰው ሲሠሩ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ሽማግሌው አይቸኩሉም። መጀመሪያ ሚዛኑን ክብደቱ በሚታወቅ ትንሽ ብረት ፈተሹት፤ ትክክል ነው። የቀልሃዎቹን ርዝመት ለኩ፤ ደህና ነው። እርሳሱ ያው የድሮው ነው፤ የገባበት ጥልቀትም አልተለወጠም። ጥይቱ የሚገባበት የጠመንጃው ሆድ ንጹሕና ደረቅ ነው። ካልተተኮሱት አንዱን ነቅለው ባሩዱን መዘኑት፤ የአሞላል መመሪያው መጽሐፍ እንደሚለው ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ሁሉም ልክ ከሆነ» አሉ፣ «የቀረው ባሩዱ ራሱ ነው። ዕቃው ውስጥ ያለው ስሙ ላዩ ላይ የተጻፈው ባይሆንስ? ከሌላ ዕቃ የተረፈ ገልብጠህበት ይሆን?»

ባለቤቴ ዕቃውን አንሥቶ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ።

«አላስታውስም» አለ። «ሳላደርገው አልቀርም።»

ይህ መልስ ቀላል አልነበረም። በክረምቱ መኪናውን ገበያ አዳራሽ ያቆመበትን ቦታ ረስቶ በበረዶ ሲዞር፣ ልጃችን ከምትኖርበት ከቶርንተን መጥታ ነው ያገኘችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ቢጠፋበት፣ የሰው ስም ቢዘነጋው፣ ዓይኑ ወዲያው ወደ እኔ ይሄዳል፤ አይቼበት እንደሆነ ለማወቅ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎችን በቫን ሆስፒታል ያመላልሳል። ያን ሥራ ይወደዋል።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። የባሩዱን ዕቃ የከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ነገር ግን ፀሐይ ምን ሊያበላሽ ይችላል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቅዳሜም ዝም አልኩ። የማልናገርበትን ምክንያት ብጠየቅ አላገኘውም ነበር፤ ማፈሬ ብቻ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጃችን መጣች። አባቷ የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ አድርገው» አለች። «ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ልያዝልህ። አይም ሲሪየስ።»

«ያዢልኝ» አለ። «ጠመንጃውንም ወስደሽ ባልሽ ጋ አስቀምጪው። ለቫኑም ሥራ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ባሩድ ከባሩድ የሚቀላቅል ሰው በሽተኛ ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ ምን ይሠራል?»

የተቆጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረው።

«ባሩዱን የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«የቱን ባሩድ?»

«ያንን። ሚያዝያ ላይ የውሃ ማሞቂያው ያፈሰሰ ጊዜ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶ አልነበር? አንተ ሥራ ነበርክ። ዕቃው ውሃ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እርጥበት ባሩድ ይገድላል ሲባል ነው ያደግሁት። ጓሮ ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አሰጣሁት። ነፋስ እንዳይወስደው ስስ ነገር አለበስኩት። ሁለት ቀን ፀሐይ መታው። ከዚያ እዚያው ዕቃው መለስኩት።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ልጃችን። «ማሚ! ጋንፓውደር?»

እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ክዳኑ ጠብቆ አልነበረም?»

«ጠብቆ ነበር። እኔ በክዳን አላምንም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በርበሬ መሰለሽ?»

«ሁሉም ነገር ፀሐይ ሲመታው ይበጃል ብዬ ነዋ።»

«ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርትስ አልጨመርሽበትም?»

«አልደረሰልኝም» አልኩት።

ያን ጊዜ ሳቀ። ድምፁ የወጣ ሳቅ ከሰማሁበት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ቀጥሎ ግን ዝቅ ብሎ፣ «ከዓርብ ጀምሮ ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ። አፍሬ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሰኞ ጠዋትም የቫኑን ሥራ ለመተው አልደወለም።

ጎረቤታችን ታሪኩን ሲሰሙ አልሳቁም። ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን ባሩድ አመጡ፤ ሁለቱ አብረው የገዙት፣ ከአንድ ሳጥን የወጣ ነበር። ከየዕቃው በአንድ ማንኪያ ልክ ሞልተው በጠርዙ አስተካከሉና መዘኑ። አምስት ጊዜ ደጋገሙት። ፀሐይ የመታው ሁልጊዜ ቀለል አለ።

«ባሩድ ሲሠራ ጥቂት እርጥበት ይተውበታል» ብለው ቀስ እያሉ አስረዱኝ። «ያ ሲወጣ ፍሬው ይቀላል። ሰው ያንኑ ክብደት ሲመዝን ብዙ ፍሬ ነው የሚገባው። ደርቆ ደግሞ ፈጥኖ ይነዳል። ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ኬሚስትሪ ተምሬ ነው። ድርቀት ግን ከቅመም ውጭም የሚታሰብበት ነገር መሆኑ እስከዚያ ቀን አልገባኝም ነበር። እርጥበት ያበላሻል፤ ድርቀትም ያበላሻል። ነገሩ በተሠራበት ልክ መቆየቱ ነው ደኅንነቱ።

«መቶ በመቶ ማረጋገጥ አልችልም» አሉ ሽማግሌው ለባለቤቴ። «ነገር ግን የማይታመን ባሩድ አይተኮስም። ሣሩ ላይ በትነው። የተሞሉትንም በሙሉ ነቅለህ ፍታቸው።»

የተሞሉት አርባ ያህል ነበሩ። እኔና እሱ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ፈታናቸው። እሱ ይነቅላል፣ እኔ እርሳሱን ለብቻ፣ ባሩዱን ለብቻ እለያለሁ። በመሐል አንዱን ቀልሃ አንሥቶ፣ «እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አለ። ጥያቄ ይመስል ነበር። «አንተ አይደለህም» አልኩት።

ሐኪሙ ጋ መሄዱ ግን አልቀረም። እኔም ሂድ አልኩት፤ የአንዱ ጥፋት መገኘት የሌላውን ጤና አይመሰክርም። ሥዕል አሥለው፣ ቃላት አስጠንተው፣ ወደ ኋላ አስቆጥረው ለዕድሜህ ደህና ነህ አሉት፤ በዓመቱ ተመለስ ብለውታል።

ሐምሌ ላይ አዲስ ባሩድ ገዝቶ ከትንሹ መጠን ጀምሮ ሞላ። ያን ቅዳሜ እኔም ወደ ተኩስ መለማመጃው አብሬ ሄድኩ፤ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሄጄ አላውቅም። የጆሮ መሸፈኛ ሰጡኝና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲተኩስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መቀርቀሪያውን በሁለት ጣቱ እያነሣ ነበር።

ቀልሃውን ለጎረቤታችን ሰጣቸው። በፀሐዩ ብርሃን አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ አሳለፉት። ትኩስ ነበር። ፕራይመሯ ጠርዟ ክብ ነው፤ ናሱ ላይ ጭረት የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

«እመቤቴ ምን ትላለች?» አሉ ሽማግሌው።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

ስንመለስ መኪናውን እሱ ነዳ። ሞንትቤሎ ሰፈር አንድ ወዳጁን ሰላም ሊል ጎራ ካለበት በቀር፣ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጠኑን በምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ፣ በጥቅምት የትኛውን ሸለቆ እንደሚሞክሩ፣ ከዚያም ለከርሞ አዲስ ቀልሃ መግዛት እንዳለበት። ለከርሞ የሚል ቃል ካፉ ከሰማሁ ስንት ወር አልፎ ነበር። የነፋሱ ድምፅ እንዳይሸፍነው መስኮቱን ዘግቼ አዳመጥኩት።