ከጎንደር ቁሐር ሚካኤል፤ በአንድ ቂጣ የተኳረፉ እህትማማቾች

ሐሙስ፣ ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፶። ጎንደር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

እናቴ የማር ማሰሮውን በሁለት እጇ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። የማሰሮው አፍ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በገመድ ታስሯል። አስረከበችኝና መልሳ ተቀበለችኝ፤ ቋጠሮውን አጥብቃ ደግሞ ሰጠችኝ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገችው።

«እንዳታጋድለው። ስትሰጣት ደግሞ ‹ከእህትዎ ነው› በላት እንጂ ‹እናቴ ላከችው› እንዳትል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንተ መምህር አይደለህም? እንዴት አይገባህም?»

አልገባኝም። ለአንባቢ ግን ጉዳዩን ከመነሻው ላስረዳ። እናቴና ታላቅ እህቷ አክስቴ ጥሩወርቅ ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው። የተጣሉበት መሬት ቢሆን ኖሮ ዳኛ ይገላግላቸው ነበር። የተጣሉት ግን በአንድ ቂጣ ነው። ያን ዓመት ጥምቀት አርብ ውሎ ነበር። አክስቴ በዓሉን ከእኛ ጋር ልታከብር ከፎገራ ሜዳ፣ ከቁሐር ሚካኤል፣ በዋዜማው መጣች። የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የማይቀመስበት ጾም። ቀኑ ግን ሐሙስ ስለነበር፣ እናቴም በእንግዳዋ ስለተደሰተች፣ ገሃድ መሆኑ ከልቧ ጠፋ። ትኩሱን ቂጣ ለጋ ቅቤ በበርበሬ ቀብታ አጎረሰቻት። አክስቴ መንገድ አድክሟት ነበርና ሳታይ ጎረሰች። አክስቴ ደግሞ የቄስ ሚስት ናት። «ልታዋርደኝ ብላ ጾሜን አስገደፈችኝ» አለችና ታቦት እንኳ ሳትሸኝ አገሯ ገባች።

ኅዳር ላይ እናቴ ክፉኛ ታመመች። ስትነሣ የመጀመሪያ ንግግሯ «እህቴን ሳላያት ብሞትስ?» የሚል ሆነ። እኔ የተላክሁትም አክስቴን ለጥምቀት ይዤ እንድመጣ ነው። ማሩን የመረጠችው በብልሃት ነው፤ ማር በጾምም በፍስክም ስለሚበላ ማንንም አያስገድፍም።

ማክሰኝት፣ ረፋድ

የተሳፈርሁበት መኪና ጨው የጫነ አሮጌ የጣሊያን መኪና ነው። ሹፌሩ አያ ተሰማ ይባላል፤ ጢሙ ትልቅ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ከጎኑ ለመቀመጥ ሁለት ብር ጠየቀኝ፤ ማሰሮውን ባየ ጊዜ ግን «ለማሩም ይከፈላል» አለ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኝት ላይ ለቁርስ ቆምን። አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ቂጣ ፍም ላይ ታሞቃለች። እኔ በቅቤና በበርበሬ አስቀባሁ። በዚህ ጉዳይ ራሴን እንደ አዋቂ እቆጥራለሁ፦ ቂጣው ጫፍ ጫፉ ጠቆር ያለ፣ ቅቤው ገና ሳይነጠር ለጋ፣ በርበሬው በጣት ቁንጥጫ የተነሰነሰ። አያ ተሰማ ግን ከመቀመጫው ሥር ፉርኖ ዳቦ አውጥቶ በቢላዋ ሰነጠቀና የሴትዮዋ ፍም ላይ ጣለው። ቀላ ሲል ከጣሳ ማርማላታ እያወጣ ቀባበት።

«ይኸ የሰው ምግብ ነው?» አልሁት።

«ቅቤ የሚቀባ ፀጉር ነው፣ መምህር። ዳቦ የሚቀባ ማርማላታ ነው። ጣሊያን ሲሄድ መንገዱንና ይችን ትቶልናል። መንገዱ ፈርሷል፤ ይች ግን እንዳለች ናት።»

አንድ ቁራሽ አቀመሰኝ። ጣፋጭ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ልጣጭ ይመርራል። ለእሱ ግን አልነገርሁትም።

አዲስ ዘመን ስንደርስ አያ ተሰማ ከላይ በዛፍ የተሸፈነውን ተራራ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ጣራ ገዳም ነው። «መነኮሳቱ ቂጣቸውን በምን ይበሉት ይሆን?» አልሁት። «በጸሎት» አለና ፍጥነቱን ጨመረ።

አርብ፣ ጥር ፱። ወረታ፣ ጧት

ያደርሁበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። አርብ ስለሆነ ቅቤ የለም። «በኑግ ወይስ በተልባ?» አሉኝ። ኑጉ ዘንድሮ የታጨደ ነው፤ ተቆልቶ፣ ከጨው ጋር ተወቅጦ፣ ጥቁርና ወዛም ሆኗል። ትኩስ የዳጉሳ ቂጣ ላይ ሲለቀለቅ ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ጥርሴ ጠቁሮ ወደ ማን እንደምሄድ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«የቄስ ሞገስ ሚስት ጋ? እሷማ ቀን አትስትም! እዚህ አገር ጾም የጠፋበት ሰው ቄሱን ትቶ እሷን ነው የሚጠይቅ። እየው፣ ማስታረቅ ከሆነ የመጣኸው፣ ማሩን ለእኔ ተውልኝና ተመለስ።»

ማሰሮዬን ታቅፌ ወጣሁ።

ቁሐር ሚካኤል፣ እኩለ ቀን

ከወረታ በእግሬ ነው የመጣሁት። በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ አሁን ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሽምብራው አረንጓዴ ነው፤ የፎገራ ላሞች ጡታቸው ተንዠርግጎ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። የዚህ አገር ሰው ለምን በቅቤ እንደሚኮራ ለመረዳት እነዚህን ላሞች ማየት ይበቃል።

አክስቴ ጥሩወርቅ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ፤ አለቀሰች፤ «ከሳህ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ኑጓን እየወቀጠች «ያች ሰው ደህና ናት?» አለች። ‹ያች ሰው› እናቴ መሆኗ ነው።

«ታማ ነበር። አሁን ተሽሏታል።»

እጇ ሥራውን አቆመ። ለአፍታ ብቻ ነው። «እሰይ» አለችና መውቀጧን ቀጠለች። ማሩን «ከእህትዎ ነው» ብዬ ሰጠኋት። እሷም «ማሯን ላከች፤ አፏን ግን አልላከች» ብላ ከቆጡ ላይ ሰቀለችው። ባሏ ቄስ ሞገስ ጥግ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ከመጽሐፋቸው በላይ አንድ ጊዜ አዩኝና በዓይናቸው ‹ታገሥ› አሉኝ።

ምሳ ቂጣ በኑግ ሆነ። ከወረታው ይበልጣል፤ አክስቴ ዝንጅብል ጨምራበታለች። ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ነገሩን አነሣሁ፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ መልሷ አንድ ነበር፦ «ገሃድን የሚረሳ ሰው እኔንም ረስቷል።» ማታ ቄስ ሞገስ ሞከሩ። እሳቸውንም ዝም አሰኘቻቸው። ባዶ እጄን እንደምመለስ ገባኝና ልቤ አዘነ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ታየችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲። እዚያው፣ ጧት

ቄስ ሞገስ ለቅዳሴ ማልደው ሄደዋል። አክስቴ የመንገድ ስንቅ ታዘጋጅልኛለች። የስንዴ ቂጣውን ፍም ላይ መልሳ ታሞቃለች፤ በአፏ ደግሞ የሰባት ዓመቱን ክስ እንደ አዲስ ትተርካለች። ልሄድ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሁሉንም ልታሸክመኝ ፈልጋለች።

«እኔ እኮ አምኛት ነው የጎረስሁ። እህት ስታጎርስ ማን እጅ ያያል? ገሃድ እንዴት ይረሳል? ሰው የእናቱን ስም ይረሳል? ቅቤው እኮ እስከ ደረቴ ነው የወረደ!»

ትናንት ማታ ለቄስ ሞገስ ስትነግራቸው የወረደው እስከ አገጯ ብቻ ነበር።

ነገሩ እየጋለ ሲሄድ እጇም አብሮ ፈጠነ። ግራ እጇ ቂጣውን ያገላብጣል፤ ቀኝ እጇ ከጀርባዋ ካለው ቅል ጨልፎ በአውራ ጣቷ ይቀባል፣ በርበሬ ይነሰንሳል፣ ያጥፋል። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች። መጀመሪያ ልብ አላልሁም። ቆይቼ ግን ኑግ ጥቁር እንደሆነ ትዝ አለኝ። ይኸኛው ቢጫ ነው፤ ይቀልጣል፤ ጠርዝ ጠርዙን ይፈሳል።

አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብዬ ስንቁን ይዤ ጎንደር ብገባ፣ ለእናቴ ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል? ይህን ሳሰላስል አክስቴ ሦስተኛውን ቀብታ ጨረሰችና አውራ ጣቷን ላሰች።

«አክስቴ» አልኋት። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ ነዋ» አለች፤ ጣቷ ገና ከአፏ አልወጣም።

«ነገስ?»

«ነገማ ጥም...»

ጣቷን ከአፏ አወጣችው። አየችው። ቂጣዎቹን አየች፣ ዞራ ቅሉን አየች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«አርብ አለፈ ብዬ...» አለች። «አላሰብሁትም እኮ። እጄ ብቻውን ሄደ።»

ቅሉን አንሥቼ ከአጠገቧ አራቅሁት።

«እጅ ለካ ቀን አያውቅም» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ያችም... እህቴም እንዲህ ነው የሆነች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዲሁ ነው፣ አክስቴ።»

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲጀመር ልስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ጠፋብኝ። ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ሁለቱም አርጅተዋል።

ቄስ ሞገስ ከቅዳሴ ሲመለሱ እንዲያ ሆነን አገኙን። አክስቴ ተነሥታ አውራ ጣቷን እንደ ተከሳሽ ዘረጋችላቸው፤ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ተናዘዘች። እሳቸው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጢማቸውን ጨበጡ።

«ምን ይበጀኛል?» አለች።

«እኔ የነፍስ አባትሽ አይደለሁም፤ ባልሽ ነኝ። ንስሐውን ለነፍስ አባትሽ ትናገሪያለሽ። የባል ምክር ከፈለግሽ ግን፣ ወረታ መኪና አለ።»

«ታቦቱስ? ዛሬ ከተራ አይደለም?»

«ታቦቱን እኔ አጅባለሁ። አንቺ ሂጂና እህትሽን አጅቢ።»

ሦስቱን ቂጣ ውሻው ወሰደ፤ እሱ ገሃድ የለበትም። አክስቴ ማሩን ከቆጡ አወረደችና የእናቴን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። አዲስ ቂጣ አሙቃ ማር አፈሰሰችበት፤ ለእኔም ለባሏም ቆረሰች። እሷ ግን «እስክደርስ አልቀምስም» አለች።

ወረታ–ጎንደር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ

ዕድል ሆኖ አያ ተሰማ ጨውን አራግፎ እየተመለሰ ነበር። አክስቴን በመሃላችን አስቀመጥናት። አያ ተሰማ ለዕርቅ መሄዳችንን ሲሰማ ጣሳውን አወጣ።

«ይቅመሱ፣ እሜቴ። የጾም ነው፤ ብርቱካን ብቻ ነው።»

አክስቴ ጣሳውን አሸተተችና መለሰችለት። «ማር ሊሆን ብሎ የሳተው ነው» አለችው። አያ ተሰማ እስከ እንፍራንዝ አኮረፈ።

ከእንፍራንዝ በኋላ ዝም ያለችው እሷ ሆነች። ነጠላዋን ትፈታለች፣ ታጥፋለች። «ካላናገረችኝስ?» አለችኝ አንድ ጊዜ። እኔ የተረፈው ማር ያለበትን ማሰሮ አጥብቄ ያዝሁ።

ጎንደር፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል

ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር መውረድ ጀምረዋል፤ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቷል። እናቴ ግን ከተራ አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማለች።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ አክስቴ እጇን ዘረጋች፤ ለሰላምታ ሳይሆን አውራ ጣቷን አቁማ።

«ይች ጣት» አለች፣ «ዛሬ ጧት ቅቤ ልሳለች። በገሃድ። ማንም አላጎረሳት፤ በገዛ እጄ።»

እናቴ ጣቷን አየች፣ እኔን አየች። እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ እኔም ተከተልሁ። ከጓዳው ጥግ የቅቤው ቅል ተሰቅሏል። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞ ታስሯል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቴ።

«ገሃድ ሲደርስ አስረዋለሁ። እጄ ሄዶ ክሩን ሲያገኘው እንዲያስታውስ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ።»

አክስቴ ክሩን ነካችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ለእናቴ ሰጠቻት።

«ለእኔም እሰሪልኝ።»

እናቴ ከቀይ ክር ጥቅሏ በጠሰችና አሰረችላት። ከዚያ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ወጥቼ ማሩን ከፈትሁ፣ ቂጣም አሞቅሁ፤ በኑግ አደረግሁት። ከመቀባቴ በፊት ሁለት ጊዜ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፫። ወረታ

ጥምቀት እሑድ፣ ቃና ዘገሊላ ሰኞ አለፈ። በጥምቀት ጧት እናቴ ክሩን ከቅሉ ላይ ፈታች፤ ሦስታችንም ቂጣ በቅቤ በላን። አክስቴ ግን የጣቷን ክር አልፈታችም። ዛሬ ወረታ ሳደርሳት ቄስ ሞገስ ከነበቅሏቸው ይጠብቋት ነበር። ስትሰናበተኝ እጇን አየሁ። ክሩ እንዳለ ነው፤ ቀይነቱ ጠፍቶ በቅቤ ወይቧል።