መርጫው ውስጥ ውኃ ነበር

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል፤ ፈሪ ነኝ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ተቀጥሬ የባቄላ በሽታ አጠና ነበር። ማለዳ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቼ፣ ደሴን አልፌ ኩታበር ስደርስ ጉሙ ጃኬቴን ያረጥበዋል። የአበባው ሽታ! ዛሬም ባቄላ ሲያብብ ልቤ ይሸፍታል። ማሳቸውን ለሙከራ የሰጡኝ ሼህ ይማም የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እሸቱን ፈልፍለው እያጎረሱኝ፣ "ወላሂ አንተ ልጅ ከወረቀት በቀር እህል አታውቅም!" ይሉኝ ነበር። እንደዚያ የተወደድኩበት ዘመን የለም።

ቆርምድ የሚሉት በሽታ ቅጠሉን አሳብጦ፣ ጠቅልሎ ያደርቀዋል። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት የማሳው ግማሽ ሳይረጭ መቅረት አለበት። ይህን ለባለማሳው ነግሮ ማስፈቀድ የእኔ ሥራ ነበር። ግን በፊተኛው ዓመት አንድ ገበሬ አንጀቱ አልችል ብሎት ያልተረጨውን ደብቆ ረጭቶ ሙከራዬን አበላሽቶብኛል። ታዲያ ምን አደረግሁ? ለሼህ ይማም ሁሉም ይረጫል አልኳቸው። ግማሹን መድኃኒት ረጨሁ፤ ግማሹን ውኃ። አዎ፣ ባዶ ውኃ። እኔ ነኝ የረጨሁት፣ በገዛ እጄ፣ ሦስት ጊዜ፣ እሳቸው አጠገቤ ቆመው እየመረቁኝ።

ውኃ የረጨሁበት ወገን አለቀ። የቤተሰቡ የዓመት ሽሮ እኩሌታ ነበር። ሼህ ይማም የጠቆረውን ቅጠል እያገላበጡ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸን ወገን ዱዓ ሳይደረግ ቸኩዬ ነው የዘራሁት" አሉ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? የደረቀውን ቆጥሬ መዘገብኩ። ሪፖርቴ ተመሰገነ፤ እድገትም አገኘሁ። ልጅነት ነው እንዳልል አሁን ሸብቻለሁ። አሁንስ ምን ያዘኝ?

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ ላይ አገኘኋቸው። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ በኔ ችኮላ ልፋትህን አበላሸሁብህ። ሞት አይቀርምና አፉ በለኝ።"

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጊዜ ነበረኝ፤ ያጣደፈኝም ሰው አልነበረም።

"አፉ ብያለሁ፣ ሼህ" አልኳቸው።