የወረፋው ማሽንና የፋንቱ ልጅ

ይሉኝታ የሚባለው በሽታ መልአኩን የያዘው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ከጊንጪ አምቦ ለትምህርት በመጣ ሰሞን ጓደኞቹ “እናትህ ምን ትሠራለች?” ብለው ጠየቁት። “ትነግዳለች” አለ። ፋንቱ ደግሞ በሕይወቷ የሸጠችው ነገር ቢኖር ጉልበቷን ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጭቃ በእግሯ እያቦካች፣ በእጇ የሰው ግድግዳ እየመረገች ነው ልጇን ያሳደገችው። እሱ ግን አንዴ “ትነግዳለች” ብሏል፤ የተናገረውን እንዴት ይመልሰው? ተመረቀ፣ እዚያው አምቦ ኮምፒውተር ጥገና ከፈተ፣ ጓደኛ አፈራ፤ ውሸቱም አብሮት አደገ።

ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። የእናቱን ስኳርና ዘይት አያስጓድልም፣ በበዓል ጊንጪ ይሄዳል፣ ከእጇ ይጎርሳል፣ ይመረቃል። ብቻ እሷ አምቦ እንድትመጣ አይፈልግም። “አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ፣ እኔ እመጣ የለም ወይ?” ይላታል። እሷም “የኔ አሳቢ!” ብላ ለጎረቤት ታወራለታለች። ኋላ የዓይን ግፊት አለብሽ ተብላ አምቦ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ስትላክ እንኳ ክሊኒኩ ድረስ አብሯት ሄዶ አያውቅም። ጠብታዋን ተቀብላ ስትመለስ መናኸሪያ ይጠብቃትና ሻይ ጋብዞ፣ ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ ይሸኛታል። እሷ በዚህ ደስተኛ ናት። ሥራ የሚበዛበት ልጅ ነዋ!

የዚያ ክሊኒክ ባለቤት ኦቦ ጀቤሳ ዘመናዊ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ክሊኒካቸው ውስጥ ወረፋ የሚያዘው እንደ ድሮው ነበር፤ የገባ ሰው ሁሉ “መጨረሻው ማነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ “እኔ ነኝ” ያለውን አይቶ ከሱ ቀጥሎ ይቀመጣል፣ አለቀ። አልፎ አልፎ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ኦቦ ጀቤሳ መልአኩን አስጠሩና “አዲስ አበባ እንዳየሁት ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ሥራልኝ። ግን ከዚያ የበለጠ!” አሉት። ይቺ “የበለጠ” የምትባለው ቃል መልአኩን አስክራ ሰነበተች።

ሠራው እንግዲህ። ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ ስክሪን ያለው ማሽን ነው። በመጀመሪያ ቋንቋ ይመረጣል፤ ቀጥሎ አዲስ ታካሚ ወይስ ነባር ይላል፤ ቀጥሎ የካርድ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀጥሎ “ያረጋግጡ” የሚል ይመጣል። ትንሽ ያመነታን ሰው አይታገስም፣ ሁሉን አጥፍቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የሞከሩት እሱ ራሱ፣ ገንዘብ ተቀባይዋና የኦቦ ጀቤሳ ልጅ ለሊሴ ናቸው። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ዓይናቸው እንደ ንስር። ቤቱ የዓይን ክሊኒክ መሆኑን፣ ወደዚያ የሚመጣው ሰው ማየት አቅቶት እንደሚመጣ ያስታወሰ ሰው የለም። አይ መልአኩ! ፊደሎቹን ደግሞ እንዲያምሩ ብሎ ቀጫጭን አድርጓቸዋል።

ማሽኑ የተመረቀ ዕለት ክሊኒኩ እንግዳ በእንግዳ ሆነ። መልአኩ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አሥሮ ከኦቦ ጀቤሳ ጎን ቆመ። ያን ቀን ፋንቱ ቀጠሮ ነበራት፤ እሱ ረስቶታል፤ እሷም ስለ ምረቃው የሰማችው ነገር የለም። ከመንገድ ገብታ እንደ ልማዷ “መጨረሻው ማነው?” አለች። ጥበቃው ጉተማ “ዛሬ በማሽን ነው” አለና እየመራ አምጥቶ ስክሪኑ ፊት አቆማት።

መልአኩ ከሩቅ አያት። ወደ ኦቦ ጀቤሳ ጀርባ ፈቀቅ አለ።

ፋንቱ ነጠላዋን አስተካክላ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። መስታወቱ ዝም አለ። ለካ የዕድሜ ልክ ምርጊት ያደነደነውን ጣት ማሽኑ ጣት ብሎ አይቆጥረውም! ጫን አለችው። በአውራ ጣቷ ሞከረች። ከብዙ ትግል በኋላ አንድ ነገር ተከፈተላት፤ ምን እንደተጻፈ ለማየት አንገቷን አስግጋ ስትጠጋ ጊዜው አለቀና ተመልሶ ተዘጋ። ከኋላዋ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዱ “እማማ ቴሌቪዥን መስሏቸው ነው እንዴ?” አለ። ሳቅ ሆነ። ኦቦ ጀቤሳም ፈገግ አሉና መልአኩን “በላ አሳያቸው” ብለው ወደፊት ገፋ አደረጉት።

ያኔ ፋንቱ ዞረች። ልጇን በሱፍ አየችው። ፊቷ በራ፣ አፏም “መሌ” ልትል ተከፈተ። እሱ ግን ቀደማት።

“እማማ፣ እባክዎ ወደ ጎን ይበሉ። ሰው እየጠበቀ ነው።”

እማማ! ጡቷን ጠብቶ ያደገ ልጅ፣ ከተወለደ ጀምሮ “እማዬ” ሲላት የኖረ ልጅ፣ መንገድ ላይ እንዳገኛት የማያውቃት አሮጊት “እማማ” አላት። “እርስዎ” ደግሞ ጨመረበት። ፋንቱ አንድ አፍታ ቀጥ ብላ አየችው። የተከፈተው አፏ ተዘጋ። ከዚያ ነገሩ ገባትና እጅ ነሣችው።

“እሺ ጌታዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም” አለች። ወደ ጎን አለች፣ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ሄደች፣ ወጣች።

አለመከተሉ ነው ጉዱ። መከተል ይችል ነበር፤ እግሩ ደህና ነው፣ በሩም ቅርብ ነው። ቆሞ ተጨበጨበለት። ምሳ ላይ ጥብሱ ጉሮሮው ላይ ቆመበት፤ በለስላሳ አወረደው። ማታ ቤቱ ገብቶ መስተዋት ፊት ክራቫቱን ሲፈታ ፊቱን ማየት አልቻለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሰንብቶ ደወለላት። የሚወቅሰውን ቃል እየጠበቀ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ነው የያዘው። እሷ ግን ምንም እንዳልሆነ “እንዴት ሰነበትክ መሌ? በላህ?” አለችው። ክሊኒክ እየተመላለሰች እንደሆነ ሲጠይቃት “እሄዳለሁ እንጂ፣ ምን አስቀረኝ” አለች። እሱም አመነ። ማመኑ ተመቸው እንበል፤ በገዛ እጁ የሠራው ማሽን የታካሚውን ሁሉ ካርድ ይመዘግባል፣ ከፍቶ ማየት ይችል ነበር። አላየም።

እውነቱን የነገረችው የእናቱ ጎረቤት ሴና ናት። ክረምቱ ሲወጣ ደወለችና “ማሎ፣ እባክህ መልአኩ፣ ና እናትህን እያት። በግራዋ በኩል ያለውን በር እየገጨች ነው” አለችው። በርሮ ጊንጪ ደረሰ። የጠብታዋ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ ባዶውን፣ አቧራ ለብሶ። ከዚያች ዕለት ወዲህ ክሊኒኩን ረግጣው አታውቅም።

“ለምን እማዬ? ለምን ዋሸሽኝ?”

“እንዳታስብ ብዬ ነዋ። ያን መስታወት አልቻልኩበትም፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ይችለዋል፣ እኔ ነኝ ደንቆሮዋ። ደግሞ እዚያ እየተገተርኩ የሰው ሥራ ከማበላሽ ብዬ ነው።”

ስለ “እማማ” አንድም ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለው ነበር። ብትሰድበው፣ ብትረግመው እግሯ ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር። እሷ ጭራሽ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ አረፈችው።

አዲስ አበባ ወሰዳት። “የተሻለ ሐኪም አለ” ብሎ ነው፤ ውስጡ ግን አምቦ ክሊኒክ ክንዷን ይዞ መግባቱን እንደፈራ ያውቃል። አሁንም! ሐኪሙ ግራ ዓይኗ እንዳለቀለት፣ ቀኙ ግን ጠብታው ካልተቋረጠ እንደሚተርፍ ነገራቸው፤ ክትትሉንም ቅርብ ነው ብሎ ወደ አምቦው ክሊኒክ መለሰው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻው ላይ ተኛች። ሆለታ ስንደርስ ቀስቅሼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለ፤ ሆለታ አለፈ። አዲስ ዓለም ስንደርስ አለ፤ አዲስ ዓለምም አለፈ። ጊንጪ ደርሰው ስትወርድ “ጫማህ ጭቃ እንዳይነካው፣ በዚህ በኩል ና” አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን የጠላው። ክሊኒኩ ሄዶ ከታካሚው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቀን በቀን እየተመላለሰ የሚሆነውን አየ። ሰዎች ይመጣሉ፣ መስታወቱን ይነካካሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ “እኔ አልችልበትም” ብለው ጉተማን ይለምናሉ። “ይሄ ማሽን አይረባም” ያለ አንድም ሰው አልሰማም። ሁሉም እንደ እናቱ ራሱን ነው የሚሰድበው። በዚያ ላይ ቁጥሩን ከያዙ በኋላ እንኳ ጎናቸው ያለውን ዞር ብለው “መጨረሻው ማነው?” ይሉታል። መልአኩ ራሱን በጥፊ መምታት አማረው። ሰው ከበሩ ሲገባ ማወቅ የሚፈልገው ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ኖሯል! እሱ ግን ለሰው ጥያቄ መልስ መስጠቱን ትቶ፣ ማሽኑን ጠያቂ አድርጎት አረፈ።

ኦቦ ጀቤሳ “የሚያምረውን ስክሪን?” ብለው ተቆጡ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ ፈቀዱ። ስክሪኑን ነቀለው። በምትኩ የድስት ክዳን የሚያህል ቀይ ቁልፍ ገጠመ፤ በመዳፍም በክርንም ቢጫኑት የሚታዘዝ። ሲጫኑት ወፍራም ቁጥር ያለበት ወረቀት ይወጣል፣ ከፊታቸው ስንት ሰው እንዳለም በድምፅ ይነግራቸዋል፣ በመጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ድምፁን የቀዳው ራሱ ነው። ካርዱን ገንዘብ ተቀባይዋ ትጠይቅ፣ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚሁ አይደል? ብሎ ለሷ ተወላት።

ከዚያ የእናቱን ቀጠሮ ጠበቀ። ዛሬስ ሰው ሁሉ ፊት እናቴ ናት እላለሁ፣ አንገቴን ቢቆርጡኝ እላለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

ፋንቱ በሴና ክንድ ተደግፋ መጣች። ሴና መድኃኒት ቤት ደርሳ ልትመለስ በሩ ላይ ተወቻት። ጉተማ ቁልፉን አሳያት። ፈራ ተባ እያለች መዳፏን ጣል ስታደርግበት ማሽኑ ወዲያው “በጋ ነጋን ዱፍተን” አላት፤ አስከትሎም “እንኳን ደህና መጡ፣ ከፊትዎ አምስት ሰው አለ፣ አረፍ ይበሉ” አለ። እጇን ከቁልፉ ሳታነሣ ቆማ ቀረች። ድምፁ የልጇ ነው። ፈገግ አለችና ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከእንጭኒ ከመጣች አንዲት ሴት ጎን ተቀመጠች።

መልአኩ ከውስጥ ክፍል ወጣ። ኦቦ ጀቤሳ በር ላይ ከሰው ጋር ቆመዋል፣ ለሊሴም አለች፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። መሐል ላይ ቆሞ “እማዬ!” አለ፣ ጮክ ብሎ። ሁሉም ዞረ። “ይቺ እናቴ ናት! ፋንቱ ትባላለች። የሰው ቤት እየመረገች ነው ያሳደገችኝ!”

የእንጭኒዋ ሴት ወደ ፋንቱ ዞር ብላ “እውነት ልጅዎ ነው?” አለቻት።

ፋንቱ በደህናው ዓይኗ በሩ ላይ የቆሙትን ባለ ሱፎች አየች። ከዚያ ልጇን አየችው። “ኧረ ምን በወጣኝ!” አለች እየሳቀች። “ደግ ልጅ ስለሆነ ነው። አሮጊት ሁሉ እናቱ ትመስለዋለች።”

“የወለደችው ትባረክ! የማን ልጅ ይሆን?”

“እኔ እንጃ፣ እናቱን አላውቃትም።”

መልአኩ ፊቷ ተንበረከከ። “እማዬ፣ ኧረ እኔ ነኝ!” አለ። እሷ በዚያ ሻካራ መዳፏ አንገቱን ሳብ አድርጋ አፏን ጆሮው ላይ አስጠጋች።

“ዝም በል መሌ” አለችው በሹክሹክታ፣ “ሰው ይሰማሃል።”