በአግድም የቆመ አምቡላንስ

የሸዋ ሮቢቱ አምቡላንስ ሹፌር ሰዲቅ ለበሽተኛ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ለእሳት አደጋ ሰዎች ግን ሰላምታውንም ይነፍጋል። እነሱም የዋዛ አይደሉም፤ ቁርስ ቤት ሲገቡ እንኳ ለአምቡላንስ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። አደጋ ሲደርስም ከሁለቱም ወገን ቀድሞ የሰማ መጀመሪያ የሚደውለው ለራሱ ሰው ነው።

ሆድና ጀርባ የሆኑት በአንድ ቀን ጣጣ ነው። አንድ አደጋ ቦታ ሰዲቅ መኪናውን ሊያዞር ዘወር ሲል፣ እሳት አደጋዎቹ ቁስለኛውን በራሳቸው ፒክአፕ ጭነው እብስ አሉ። የቤተሰቡ ዱዓም ምስጋናም ለእነሱ ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዲቅ ማንም እንዳይቀድመው አምቡላንሱን አደጋው አጠገብ በአግድም ማቆም ልማድ አደረገ።

ጀውሃ መግቢያ ላይ ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ የተገለበጠ ቀንም እንዲሁ አቆመ። ሹፌሩ አሊዪ፣ የማጀቴ ሰው፣ እግሩ ጋቢናው ውስጥ ተቀርቅሮ ያቃስታል። ሰዲቅ እጁን ይዞ አጽናናው። የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ መጠጊያ አጣ፤ የብረት መቁረጫው ገመድ አጭር ነው፣ ከአምቡላንሱ ወዲያ አይደርስም። አለቃቸው ግርማ ወርዶ፣ "ሰዲቅ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በልልን" አለው።

ሰዲቅ ፊቱን አየው። ዞር ብል ጭነውት ሊሄዱ ነው፣ ነቅቼባችኋለሁ አለ በሆዱ።

"እናንተ ቁረጡና ስጡኝ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ግርማም እልኸኛ ነው፤ ይሄ ሰው እኛን ሊያሳጣ ነው ብሎ ሁለተኛ አልለመነውም። ወይ ጉድ! ሁለት ጎልማሶች አስፋልት ላይ ሲፋጠጡ የአሊዪ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። ጭራሽ ሲጠፋ ነው ሰዲቅ ደንግጦ ሞተር አስነስቶ ወደ ኋላ ያለው።

አሊዪ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። ቶሎ ቢወጣ እግሩም ይተርፍ ነበር ብሏል ሐኪሙ።

ባለፈው ሰሞን አሊዪ በክራንች ተደግፎ ሊያመሰግን ቁርስ ቤቱ ድረስ መጣ። ግርማ እዚያው ቆሞ ነበር።

"አላህ ይውደድህ ወንድሜ" አለ አሊዪ ሰዲቅን አቅፎ። "ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎኝ ዞር ይል ነበር።"

ሰዲቅ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተና "አሚን" አለ። ግርማ ምንም ሳይተነፍስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰዲቅ ቤቱ ሲገባ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ጣይባ ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ "ግርማ ዝም አለ" አላት። "ምን ሊሠራብኝ አስቦ ይሆን?"