ሰርገኛ ቤንዚን ይዞ ይግባ

እህቴን በዳርንበት ቀን ከተማችን ሞላሌ ላይ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፋ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ከሥራ ባልደረባዬ ጀነሬተር ተውሻለሁ፤ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚንም ገዝቻለሁ። ደግሞስ የፊዚክስ መምህር አይደለሁ? እንግዳው ሁሉ እያየኝ ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ዘፈኑ ጀመረ፤ ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ዘፈኑ ሳይጋመስ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ጭሱን ለቀቀና ጸጥ አለ።

«ዘይት ጠምቶት ነው!» አለ አጎቴ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ለወጥ ያስቀመጠችውን የኑግ ዘይት በጆግ ይዛ ከማጀት ከተፍ አለች። «እንካ አጠጣው!»

አጎቴ የሞተሩን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ ሲል፣ «በስመ አብ! ሞተር ነው ወይስ ድስት?» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የእህል ወፍጮውን ብቻቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሴትዮ። ነጠላቸውን አሸርጠው የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘዙ። ጫፉ ላይ የቀረችው ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁራለች። ቀጥለው ቤንዚኔን ጣታቸው ላይ ጠብ አድርገው አሹት።

«ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል። ይሄ ቅባት ሆኖ ቀረ። በነጭ ጋዝ ደባልቀው ሸጡልህ፣ መምህር!»

ዳሱ ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

«ከወፍጮው ዘይት ልቅዳ?» አልኳቸው።

«የወፍጮው ለትልቅ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ለዚህ ይወፍርበታል። በኛ ብርድማ ገመዱ አልሳብም ይልሃል። የሚስማማው የሞተር ሳይክል ዘይት ነው።»

አሮጌውን ዘይት አፍስሰው የቤንዚን ታንኩንም እንዳራቆቱ ከመንገዱ ጥሩምባ ተሰማ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በሞተር ሳይክል ተሰልፈው መጡ!

ሴትዮዋ ቀድመውን ወደ በሩ ሮጡ። ሰርገኛ ሲመጣ በር መዝጋት ወግ ነው፤ ሚዜዎቹም የሚረጩትን ሽቶ አዘጋጅተዋል።

«ሽቶ አንፈልግም!» አሉ ሴትዮዋ በሩን በጀርባቸው ደግፈው። «ቤንዚንና ዘይት አምጡ!»

ሙሽራው ቀልድ መስሎት ሳቀ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንዱ ሚዜ፣ በየቀበሌው የሚዞር የግብርና ባለሙያ፣ ከሞተር ሳይክሉ ሣጥን ያልተከፈተ ዘይት አወጣ። ሌላው የራሱ ሞተር ሳይክል ታንክ ውስጥ ቱቦ ከትቶ በአፉ ሳበ፤ ቤንዚኑ አፉ ሲደርስ እየዘለለ ተፋው። ሴቶቹ እልል አሉለት፤ በሩም ተከፈተ።

ዘይቱን ስጨምር ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ። «ምልክቱ ላይ ደርሷል፣ በቃ! ሲበዛበትም ይታነቃል።»

ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ ያለ ሳል፣ ያለ ጭስ ተነሣ። ሙሽራው ለምን እንደመጣ ረስቶ ከሴትዮዋ ጋር እስክስታ ገጠመ። እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ፣ «ኧረ ባሌን መልሱልኝ!» ብላ ስትጮህ እናቴ መቆም አቅቷት እየሳቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች።